ዋን ኬዲ፦ የቶዮታን ባለ 3 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ሞተር ማወቅና መንከባከብ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ እጃችሁ ላይ ያለችው የናፍጣ መኪና ሌላ ዋጋ አግኝታለች። «ትንሽ ልንዳትና ልቀይራት» የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ያለችውን ማቆየት ነው።

ስለ ናፍጣ ሞተር በጅምላ ከማውራት አንድ ሞተር ይዤ ብቀጥል ይሻላል። የመረጥኩት ዋን ኬዲን ነው። ፕራዶ ላይ አለ፣ ሃይሉክስ ላይ አለ፣ አንዳንድ ሃይኤስ ላይም አለ። ታናሽ ወንድሙ ቱ ኬዲ 2.5 ሊትር ነው። ከታች ካለው አብዛኛው ለሁለቱም ይሠራል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ዋን ኬዲ ጠንካራ ሞተር ነው። በዕድሜ ብዛት ሲሞት እምብዛም አይታይም። የሚገድለው በኢንጄክተሩ (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ በሚረጨው ዕቃ) ሥር የምትቀመጥ አንዲት ቀጭን የመዳብ ሮንዴላ (ቀለበት)፣ ቆሻሻ ናፍጣና በጊዜው ያልተቀየረ ዘይት ነው። ሰው ግን መጀመሪያ ገንዘቡን የሚያፈሰው ቱርቦ ላይ ነው።

ሞተሩ ምን ዓይነት ነው?

አራት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ 2,982 ሲሲ። የሲሊንደሩ ስፋት 96 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 103 ሚሊ ሜትር ነው። ምልልሱ ከስፋቱ የሚረዝም ሞተር በዝቅተኛ ዙር ላይ ጉልበት ይሰጣል፤ ዋን ኬዲም እንዲያ ነው። አሥራ ስድስት ቫልቭ አለው። አየሩን ወደ 18 እጥፍ ገደማ ያምቃል። መጀመሪያ የወጣው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው።

ሃይሉክስና ፕራዶ ላይ የማዞር ጉልበቱ (ቶርኩ) እንደ ሞዴሉ ከ343 እስከ 410 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። የፈረስ ጉልበቱ ብዙዎቹ ላይ 163 ወይም 171 ነው። ለነጂ የሚጠቅመው ቁጥር ግን ሌላ ነው፦ ጉልበቱ ከ1,400 ዙር አካባቢ ጀምሮ ይገኛል። ስለዚህ ይህን ሞተር እንደ ቤንዚን መኪና ማስጮህ አያስፈልግም። በአምስተኛ ማርሽ 1,000 ዙር ላይ አድርጎ ዳገት ማስወጣትም ጥሩ አይደለም። ያኔ ቱርቦው ገና አየር አልሰጠም፤ ናፍጣው ግን እየገባ ነው። ትርፉ ጥላሸት ነው።

ከድሮዎቹ የቶዮታ ናፍጣዎች የሚለየው ዋናው ነገር ኮመን ሬል መሆኑ ነው። ፓምፑ ናፍጣውን ለአራቱም ኢንጄክተሮች በጋራ በሚያገለግል አንድ ወፍራም ቧንቧ ውስጥ ያጠራቅመዋል። ግፊቱ ወደ 1,600 ባር ይደርሳል። በጎማችሁ ውስጥ ያለው ግፊት 3 ባር እንኳ አይሞላም። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ኢንጄክተር በኤሌክትሪክ ከፍቶ ይዘጋል። ለዚህ ነው ድምፁ ለስለስ ያለው፣ ናፍጣም የሚቆጥበው። ለቆሻሻ ናፍጣ ትዕግሥት የሌለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቱርቦው ደግሞ በጭሱ ግፊት የሚሽከረከር ንፋስ ሰጪ ነው። ጭሱ በአንድ በኩል ያለውን ተርባይን ያዞራል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ኮምፕሬሰር ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ቀጭን የዘይት ንብርብር ነው። የዋን ኬዲ ቱርቦ በውስጡ የሚከፈቱና የሚጠብቡ ትናንሽ ክንፎችም አሉት። በዝቅተኛ ዙር ይጠባሉ፣ በከፍተኛ ዙር ይከፈታሉ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ እዚህ ጉልበቱን ያጣል፤ ባለ ቱርቦው ግን ብዙውን ያካክሳል። ዋጋው ግን አለ። ቱርቦው እዚህ ከድሬዳዋ የበለጠ ይደክማል። ትንሽ ንፋስ የሚያስወጣ ማኒኮቶም (የአየር ቱቦ) እዚህ ቶሎ ይታወቃል። «መኪናዬ ቆላ ስወርድ ትበራለች፣ አዲስ አበባ ስመለስ ትሞታለች» የሚል ሰው መጀመሪያ ማኒኮቶዎቹን ይፈትሽ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ

በድሮ ናፍጣ ሞተሮች መካኒኩ የማይሠራውን ሲሊንደር የሚለየው ሞተሩ እየሠራ የኢንጄክተሩን ቧንቧ ዳዶ ፈታ በማድረግ ነበር። ኮመን ሬል ላይ ይህ ፈጽሞ አይደረግም። በ1,600 ባር የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። ቀዳዳው እንደ መርፌ ጫፍ ትንሽ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ውስጥ ግን ሥጋ ይገድላል። ቢያጋጥም ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ናፍጣ በግፊት ቆዳ ውስጥ እንደገባ ለሐኪሙ ንገሩ።

ቧንቧ ከመፍታታችሁ በፊት ሞተሩ ጠፍቶ ግፊቱ መውረድ አለበት። የኢንጄክተር ሽቦም ሞተሩ እየሠራ አይነካም፤ የሚሄድበት ኤሌክትሪክ ከባትሪው በብዙ ይበልጣል።

አንደኛ፦ ናፍጣውን ከውሃና ከቆሻሻ መጠበቅ

የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ውሃ የሚጠራቀምበት ክፍል አለ። ሲሞላ ዳሽቦርድ ላይ መብራት ይበራል። መብራቱ እስኪበራ መጠበቅ ግን ልክ አይደለም። ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር አፍስሱት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፉ። ከፊልትሮው ሥር ትንሽ ዕቃ አስቀምጡ። ከታች ያለውን መክፈቻ በእጅ ከ2 እስከ 2 ዙር ተኩል አላሉት። ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ጫን ጫን አድርጉ። መጀመሪያ ውሃና ደለል ይወጣል፣ ቀጥሎ ንጹሕ ናፍጣ። ንጹሑ ሲመጣ በእጅ ዝጉት። በቁልፍ አታጥብቁት፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ከዚያ የእጅ ፓምፑን እስኪጠነክር ድረስ ደጋግማችሁ ጫኑና ሞተሩን አስነሱ።

የወጣውን በጠርሙስ አድርጋችሁ ትንሽ አቆዩት። ውሃው ከሥር፣ ናፍጣው ከላይ ይለያል። ውሃው ብዙ ከሆነ የምትቀዱበትን ማደያ ቀይሩ።

ፊልትሮውን መመሪያው ከሚለው ቀደም ብላችሁ ቀይሩ። እኔ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ እላለሁ። ከአንድ ኢንጄክተር ዋጋ ጋር ሲተያይ የፊልትሮ ዋጋ ምንም ነው። ርካሽ ፊልትሮ ግን አትግዙ። ወረቀቱ ስስ የሆነ ፊልትሮ ከውጭ ሲታይ ከጥሩው አይለይም፤ የሚያሳልፈው ቆሻሻ ግን በቀጥታ ፓምፑ ውስጥ ይገባል።

ናፍጣ ላይ ነጭ ጋዝ የሚቀላቅል ሰው እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ነጭ ጋዝ ይነዳል፣ ሞተሩም ይሠራል። ችግሩ ማለስለሱ ላይ ነው። የዚህ ሞተር ፓምፕና ኢንጄክተር የሚለሰልሱት በራሱ በናፍጣው ነው። የሳሳ ናፍጣ ብረት ከብረት ያፋጫል። ከዚያ በኋላ የብረት ብናኙ ከፓምፑ ተነሥቶ እስከ ኢንጄክተሮቹ ይደርሳል። ስለዚህ በጀሪካን ከመንገድ ዳር አትግዙ። ግድ ከሆነ ጀሪካኑን አቆይታችሁ አዝቅጡት፤ የመጨረሻውን አንድ ሁለት ሊትር አትጨምሩ። ቦቴ እያራገፈ ባለበት ማደያም አትቅዱ። ከሥር ያለው ደለል ያኔ ይበጠበጣል።

በስህተት ቤንዚን ከተቀዳ ቁልፉን አትንኩ። ሞተሩ ካልተነሣ ጉዳዩ ታንኩን ማጠብ ብቻ ነው። ከተነሣ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ሁለተኛ፦ የኢንጄክተሯ ሮንዴላ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የዋን ኬዲ ታሪክ እዚህ ነው።

እያንዳንዱ ኢንጄክተር ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ የሚያርፈው በመዳብ ሮንዴላ ነው። ሮንዴላዋ የሲሊንደሩን እሳት ታፍናለች። በጊዜ ብዛት ስትለሰልስ ወይም ስትቃጠል እሳቱ በጎኗ ያመልጣል። በብዙ ሞተሮች እንዲህ ያለው ጭስ ወደ ውጭ ወጥቶ ይታያል፣ ይሰማል። ዋን ኬዲ ላይ ግን ኢንጄክተሩ የሚያልፈው በቫልቭ ክዳኑ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚያመልጠው ጥላሸት ወደ ውጭ አይወጣም፤ ዘይቱ ውስጥ ይወድቃል።

ጥላሸቱ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሬንጅ ይጋገራል። እየተፈረፈረ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ ይወርዳል። እዚያ የዘይት ፓምፑ የሚስብበት ወንፊት አለ። ወንፊቱ ቀስ በቀስ ይደፈናል። የዘይት ግፊት ይወርዳል። ቱርቦው ዘይት ያጣና ይበላሻል። ባለቤቱ አዲስ ቱርቦ ይገዛል። ወንፊቱ እንደተደፈነ ስለሆነ አዲሱም ይበላሻል። ቀጥሎ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ይነክሳል፣ ሞተር ይወርዳል። ይህ ሁሉ ከጥቂት ብር ሮንዴላ የተነሣ ነው።

ራሳችሁ እንዲህ ፈትሹ።

ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ኮፈኑን ከፍታችሁ አስነሱ። ከላይ በኩል ከዙሩ ጋር አብሮ የሚሄድ «ችስ ችስ» የሚል የትንፋሽ ድምፅ ካለ ጠርጥሩ። ሲሞቅ ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ወስዳችሁ «ምንም የለውም» ብትባሉ አትመኑ።

ቀጥሎ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እያለ የዘይት መሙያውን ክዳን በጨርቅ ይዛችሁ ክፈቱ። ትንሽ ትንፋሽ ያለ ነው። ክዳኑን የሚያስነሣ ንፋስና ጥቁር ጭስ ግን ያለ አይደለም። አንድም ሮንዴላዋ፣ አንድም ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። ሮንዴላዋን በቅድሚያ አስፈትሹ፤ ርካሹ እሱ ነው።

ከዚያ ሞተሩን አጥፉና በዚያው ቀዳዳ በእጅ ባትሪ ተመልከቱ። ዘይት የነካው ብረት ቡናማ ቢሆን ችግር የለውም። ጥቁር፣ ወፍራም፣ የተጋገረ ነገር ካያችሁ ግን ሮንዴላዋ ማሳለፍ ከጀመረች ሰንብታለች።

እንዲህ ካገኛችሁ ሥራው የመካኒክ ነው። ቆማችሁ ግን እነዚህን ተከታተሉ፦

ኢንጄክተር ከመነቀሉ በፊት ዙሪያው በአየር ይነፋ። አንዲት አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ መግባት የለባትም።

የየትኛው ሲሊንደር ኢንጄክተር እንደሆነ ምልክት ይደረግበት። እያንዳንዱ ወደ ነበረበት ይመለስ። አዲስ ከተገዛ፣ ኮድ ያላቸው ሞዴሎች ላይ በራሱ ላይ የተጻፈው ኮድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይግባ።

አሮጌዋ ሮንዴላ ተቀቅላ ወይም በእሳት ተለብልባ አትመለስ። ይህን «ዘዴ» የሚያቀርብላችሁ ጋራዥ ካለ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

መቀመጫው ውስጥ ያለው ጥላሸት በደንብ ይጽዳ። አዲስ ሮንዴላ በቆሸሸ መቀመጫ ላይ ከተቀመጠች ወዲያው ታመልጣለች። በብርጭቆ ወረቀት ግን አይፈተግ፤ ብናኙ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል።

ኢንጄክተሩን የሚይዘው ብሎን በልክ ማጥበቂያ ቁልፍ ይጥበቅ። በግምት የሚጠብቅ ብሎን አይደለም።

በመጨረሻም፣ ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው፣ የታችኛው የዘይት ማጠራቀሚያ ተፈቶ ወንፊቱ ይታይ። ሮንዴላዋ ስታሳልፍ የነበረች ከሆነ ወንፊቱን ሳያዩ መዝጋት ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው።

ችግር ሳይታይም ቢሆን እኔ ብሆን በየ80,000 ኪሎ ሜትሩ ሮንዴላዎቹን አስቀይራለሁ።

ሦስተኛ፦ ዘይት

መመሪያዎች መንገዱ አቧራማ ከሆነ፣ ጭነት ከበዛ ወይም መኪናው አብዛኛውን ጊዜ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ከዋለ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየ6 ወሩ ይቀየር ይላሉ። የኛ አገር አነዳድ ሦስቱንም ያሟላል። ስለዚህ 5,000 ነው። «ሲንቴቲክ ስለሆነ 15,000 ይሄዳል» የሚለውን ለዚህ ሞተር አልቀበልም። ዘይቱ ቢችል እንኳ ጥላሸቱ አይጠብቅም።

የሚይዘው ወደ 7 ሊትር ነው። ትክክለኛውን ልክ ከመኪናችሁ መመሪያ እዩ። በዘይቱ ጀሪካን ላይ ለናፍጣ ሞተር መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ይኑር። በውፍረት ቁጥሩ 15/40 የሆነው ለአብዛኛው የአገራችን አየር ይሆናል። ጠዋት ብርድ በሚበረታበት ደጋ የምትኖሩ ከሆነ 10/30 ወይም 5/30 ቶሎ ወደ ቱርቦው ይደርሳል።

ሲቀየር ሞተሩ ይሙቅ፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። የታችኛው ብሎን ሮንዴላ አዲስ ትሁን። የአዲሱ ፊልትሮ ጎማ በዘይት ይታሽ፤ ፊልትሮው በእጅ ይጥበቅ። አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ ጎማው አብሮ መውጣቱን እዩ። ሁለት ጎማ ተደርቦ ከታሰረ ዘይቱ መንገድ ላይ ይፈስሳል። ከተሞላ በኋላ አስነሱ፤ የዘይት መብራት በጥቂት ሰከንድ ይጠፋል። እስኪጠፋ ነዳጅ አትርገጡ።

ዘይቱ በተቀየረ ማግስት ቢጠቁር አትደንግጡ፤ ናፍጣ ነው። የሚያስደነግጠው መለኪያ ዘንጉ ላይ ዘይቱ ሲጨምር ማየት ነው። ዘይት በራሱ አይጨምርም፤ ናፍጣ እየገባበት ነው። ያንን መኪና ሳታስፈትሹ አትንዱ።

አራተኛ፦ አየርና ቱርቦ

የአየር ፊልትሮውን በአቧራ መንገድ ከሄዳችሁ በኋላ አውጥታችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ንፉ። በውሃ አይታጠብም። ግፊቱ የበረታ አየር ወረቀቱን ይቀድደዋል። ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ማኒኮቶ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ላይ አቧራ ካያችሁ ፊልትሮው በጎን እያሳለፈ ነው። ያ አቧራ የቱርቦውን ክንፎች ይበላል፣ ፋሻውንም ይፍቃል።

ቱርቦውን ለመፈተሽ ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። የመግቢያውን ማኒኮቶ ፋሸታ (ማሰሪያ) ፍቱ። ኮምፕሬሰሩን በጣት አዙሩ። ያለ ምንም መያዝ መዞር አለበት። ወደ ጎን ጥቂት መንቀሳቀስ ያለ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንቀሳቀስ ግን የለበትም። ክንፎቹ ግድግዳውን ከነኩ ቱርቦው አልቋል። ማኒኮቶው ውስጥ ቀጭን የዘይት ወዝ ቢኖር አያሳስብም።

ቱርቦው ዘይት እያስተፋ ከሆነም ወዲያው አትፍረዱበት። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ሲደፈን ወይም ከቱርቦው ዘይት የሚመልሰው ቱቦ ሲጠብ፣ ጤነኛ ቱርቦም ዘይት ያስተፋል።

አሁን አጠፋፉን እንይ። ቶዮታ በመመሪያው የሰጠው ልክ አለ። በከተማ ዝግ ብሎ ለመጣ መኪና መጠበቅ አያስፈልግም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለመጣ 20 ሰከንድ፣ በ100 ለመጣ 1 ደቂቃ፣ ትልቅ ዳገት ለወጣ 2 ደቂቃ ያህል ሚኒሞ ላይ ይቆይ። ስለዚህ ቤት ደርሶ 5 ደቂቃ የሚያስጮኸው ጎረቤታችሁ ናፍጣ ከመጨረስ ውጪ ያተረፈው የለም። ከዓባይ በረሃ ድልድይ ተነሥቶ ደጀን ሲደርስ ለምሳ ዘሎ የሚያጠፋው ግን ቱርቦውን እየጎዳ ነው። ዳገቱን በሙሉ ጉልበት ወጥቷል፤ ተርባይኑ በእሳት ግሏል። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ መፍሰሱን ያቆማል፤ ውስጥ የቀረው ይቃጠላል። 2 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ምሳችሁን ብሉ።

ተቃራኒውም አለ። ሁልጊዜ በመጨናነቅ ውስጥ የሚውል መኪና የቱርቦው ትናንሽ ክንፎች በጥላሸት ይያዛሉ። ጉልበት ይጠፋል፣ ቼክ ኢንጅን ይበራል። አልፎ አልፎ ወጣ ብላችሁ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ ክፍት መንገድ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ንዱት።

አምስተኛ፦ ማቀዝቀዣ

በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ሞተሩ ከሚሠራበት ሙቀት ብዙም አይርቅም። እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ግፊቱን ስለሚይዝ መፍያው ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ክዳኑ ከላላ ግን እዚህ ከባሕር ዳርቻ ቀድማችሁ ትፈላላችሁ። ጎማው የደረቀ ክዳን ይቀየር። በላዩ የተጻፈው ቁጥር ከድሮው ጋር አንድ ይሁን።

የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙሉ፤ ዝገትና ድንጋይ ያመጣል። ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ይሁን። ትኩስ ራዲያተር አትክፈቱ። የሙቀት መለኪያው ከመሐል ከፍ ሲል «እስከዚያች ከተማ ትድረስ» ማለት የለም። የአሉሚኒየም ቴስታታ ይጣመማል።

ስድስተኛ፦ ታይሚንግ ቤልት

ይህ የቫልቮቹን አከፋፈት ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ ነው። በብዙ አገር የሚቀየርበት ልክ 150,000 ኪሎ ሜትር ነው። ሲደርስ ዳሽቦርድ ላይ መብራት ይበራል። መብራቱ ግን የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር እንጂ የቤልቱን ጤንነት አይደለም። ቤልት ሳይቀየር መብራቱን ማጥፋትም ይቻላል። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ቤልቱ ሲቀየር ወጣሪው ኩሽኔታም አብሮ ይቀየር። ያገለገለ ገዝታችሁ ደረሰኝ ከሌለ፣ አልተቀየረም ብላችሁ ያዙ።

ጭሱ ምን ይላል?

ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው አየር አንሶታል ማለት ነው። የአየር ፊልትሮ፣ ንፋስ የሚያስወጣ ማኒኮቶ፣ የተያዘ ቱርቦ፣ ወይም ጭስን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ ተከፍቶ መቅረት ነው። ይህ ቫልቭና የአየር መግቢያው በጥላሸት ስለሚጠቡ ተፈትተው መጽዳት አለባቸው።

ጠዋት የሚታይ፣ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ያልነደደ ናፍጣ ነው። ካንዴሌታዎቹን (ሲነሣ ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን) ፈትሹ፣ ከዚያ ኢንጄክተሮቹን። ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ከራዲያተር ውሃ መቀነስ ጋር ከመጣ ጓርኒሲዮኑን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው።

ሚኒሞ ከፍ ዝቅ ካለ ወይም መብራት ላይ ስትቆሙ ከጠፋ፣ አራት ኢንጄክተር ግዙ ከመባላችሁ በፊት ፓምፑ ላይ ያለው የናፍጣ መጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭ ይታይ። ከኢንጄክተር በብዙ ይረክሳል፤ የሚያሳየው ምልክትም ያው ነው።

ያገለገለ ስትገዙ

ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሩት። ስትደርሱ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቅዞ ሲነሣ ድምፁን ስሙ፣ ጭሱን እዩ፣ የዘይት ክዳኑን ክፈቱ።

ከዚያ ኮምፒውተር ያለው መካኒክ አምጡና የኢንጄክተሮቹን የሚኒሞ ማስተካከያ ቁጥር ያንብብላችሁ። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ሳለ የአራቱም ቁጥር ከፕላስ 3 እስከ ማይነስ 3 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከራቀ ያ ሲሊንደር ወይ ኢንጄክተሩ ወይ እምቅታው ችግር አለበት። የነበረ የብልሽት ኮድ በቅርቡ ተሰርዞ እንደሆነም ጠይቁት።

በዳሽቦርዱ ኪሎ ሜትር ላይ ብዙ አትከራከሩ፤ ማስመለስ ቀላል ነው። ይልቅ «ሮንዴላው መቼ ተቀየረ፣ የት ጋራዥ?» በሉት። የሚመልስ ሻጭ መኪናውን ያውቃታል። «የምን ሮንዴላ?» ካላችሁ ደግሞ አራት ኢንጄክተር መንቀያ፣ የወንፊት ማጽጃና የታይሚንግ ቤልት ወጪ አስልታችሁ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።